«የእጅ ሥራ ብር» የሚባለው ጌጥ ምንነቱና ሠሪው ይታወቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በአኗኗር ዓምዱ ስለ አለባበስ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እንግዳ አቀባበል የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በፍላጎት ከሚከታተሉት አንባቢዎች አንዷ ነኝ። ስለ ምሽት ግብዣ ባወጣችሁት ጽሑፍ የሀበሻ ቀሚስና የብር ጌጥ ከታወቁት የውጭ ኮክቴሎች ጎን የሚገባቸውን ቦታ ማግኘታቸው አስደስቶኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አንባቢው «በእጅ የተሠራ ብር» እንዲገዛ ከመምከሩ በቀር፣ ዛሬ በዚህ ስም ምን ምን እንደሚሸጥና ገዢው በምን ሊለየው እንደሚችል አልገለጸም። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ መደብር ከፍቼ በየቀኑ ከአንጥረኞች ጋር የምሠራ በመሆኔ፣ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

በየሱቁ ብር ተብለው ከተደረደሩት መስቀሎች፣ ጉትቻዎች፣ አምባሮችና አልቦዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ብር አይደሉም። አንዳንዶቹ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅልቅል የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ቅልቅል በዓለም ገበያ «የጀርመን ብር» ቢባልም በውስጡ ብር የሚባል ነገር የለበትም። ሌሎቹ ነሐስ ሆነው ላያቸው ብቻ በስሱ ብር የተለበጠ ነው። ብረቱ እውነተኛ ብር የሆነውም ቢሆን፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በብዛት ፈስሶ የወጣ ሆኖ ሳለ አንጥረኛ በእጁ እንደሠራው ተደርጎ በዚያው ዋጋ ይቀርባል። ገዢው እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ይገዛቸዋል። ቤቱ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ልባጡ ሲነሳና አንገቱ ላይ አረንጓዴ ምልክት ሲያይ የሚወቅሰው ሻጩን ብቻ አይደለም፤ «የሀገር ሥራ እንዲህ ነው» ብሎ አንጥረኛውንም አብሮ ይኮንናል።

የሽቦ ሥራ፣ ማለትም ጌጥን ከቀጭን የብር ሽቦ መሥራት፣ ምን እንደሚጠይቅ በዓይኑ ላላየ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ሊታየው ስለሚችል፣ አንድ የአንገት መስቀል እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። አንጥረኛው ብሩን በማቅለጫ ዕቃ ውስጥ አቅልጦ በቀጭን ዘንግ መልክ ያፈሰዋል፤ ንጹሕ ብር የሚቀልጠው ሙቀቱ ወደ 960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ዘንጉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ጫፉን ካሾለ በኋላ፣ ቀዳዳዎቹ በተራ እየጠበቡ በሚሄዱበት የብረት ሰሌዳ ውስጥ እያሳለፈ በጉጠት ይስበዋል። ብር በተቀጠቀጠና በተሳበ ቁጥር እየደደረ ስለሚሄድ፣ በየመካከሉ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ በእሳት ማለስለስ ግድ ነው፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሽቦው እጁ ላይ ይበጠስበታል። ሽቦው የክር ያህል ከቀጠነ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ይገመዳሉ፤ ግምዱ ጠፍጠፍ ሲደረግ በጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ያወጣል። ከዚያም በወረንጦ እየተጠማዘዘ፣ ከወፍራም ሽቦ በተሠራው የመስቀሉ ክፈፍ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ይሰካል። በክፈፉ ላይ የምናያቸው ትንንሽ የብር ፍሬዎች ደግሞ ከሽቦው የተቆረጡ ቁራጮች ከሰል ላይ ሲቀልጡ በራሳቸው ተድቦልቡለው የሚገኙ ናቸው።

አስጨናቂው ሥራ ብየዳው ነው። መበየጃው ከጌጡ ባነሰ ሙቀት እንዲቀልጥ መዳብና ዚንክ የተጨመረበት ብር ሲሆን፣ በሞረድ ተፍቆ ብየዳውን ከሚያግዘው ቦራክስ ከሚባል ዱቄት ጋር በሥራው ላይ ይነሰነሳል። አንጥረኛው ነበልባሉን በጌጡ ዙሪያ እያዞረ፣ መበየጃው ብልጭ ብሎ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚሮጥባትን ቅጽበት ይጠብቃል። እሳቱን ቀድሞ ቢያነሳው አይያያዝም፤ ትንሽ ቢያዘገየው ደግሞ ቀጫጭኑ ሽቦ ራሱ ይቀልጥና የቀናት ድካም ወደ አንዲት የብር ጓል ይለወጣል። አብረውኝ ከሚሠሩት አንጥረኞች አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ብየዳ ሲጀምሩ መስኮቱን በጨርቅ ይጋርዳሉ። የብሩን ቅላት በትክክል መለየት የሚቻለው ክፍሉ ሲደበዝዝ ነው፤ በጠራራ ብርሃን ቅላቱ ሳይታይ ሙቀቱ ያልፋል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእርሳቸው ዓይንና እጅ ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ ይህን ሥራ ገበያው እንዴት ዋጋ እንደሚያወጣለት እንመልከት። ወደ መደብሬ ከሚገቡት አብዛኞቹ ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ግራሙ ስንት ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ከወርቅ ቤት የመጣ ልማድ ነው። ወርቅ ውድ ስለሆነ የጌጡ ዋጋ በአመዛኙ የብረቱ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ በግራም መሸጡ አያስገርምም። ብር ግን ከወርቅ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ስለሆነ የጌጡ ዋጋ በአመዛኙ የሠሪው ጊዜና ጥበብ ነው። የሽቦ ሥራ ደግሞ ከሁሉም ጌጥ በክብደት ቀላሉና ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ነው። ስለሆነም ብርን በግራም ስንሸጥ ረቂቁን ሥራ እንቀጣለን፤ ወፍራሙንና በአንድ ጊዜ የፈሰሰውን እንሸልማለን። ልጁን የሚያሳድግ አንጥረኛ ሽቦ መሳቡን ትቶ ወደ ማፍሰሱ ቢያዘነብል በእርሱ ልፈርድበት አልችልም፤ ሒሳቡን ያዛባነው ሻጮችና ገዢዎች ነን። በእኔ አስተያየት የሽቦ ሥራን ከውጭ ከሚመጣው ልባጥ ይልቅ የጎዳው ይህ የግራም ሒሳብ ነው። በበኩሌ በእያንዳንዱ ጌጥ ወረቀት ላይ የብሩን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለይቼ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግር የሚላቸው ገዢዎች አሉ፤ ነገር ግን የእጁ ዋጋ ለምን ከብሩ እንደሚበልጥ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይቀበሉታል፤ አንዳንዶቹም የሠራውን ሰው ማየት ይፈልጋሉ።

ብረቱንና እጁን ለይቶ መክፈል በእኛ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ለረጅም ዘመን የብር ጌጣችን ዋነኛ ምንጭ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነበረ። ይህ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን፣ እርሷ በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካረፈች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያሠሩም ክብደቱንና ጥራቱን ከዚሁ ጋር አቀራርበው ነበር፤ ማርትሬዛም እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ በገበያችን ሠርቷል። ጌጥ የምታሠራ ሴት ማርትሬዛዋን ቆጥራ ለአንጥረኛው ትሰጠዋለች፤ ብሩ የእርሷ ነው፤ ለአንጥረኛው የምትከፍለው ለእጁ ነው። ወቄት የሚባለው ሚዛንም የማርትሬዛ ክብደት ስለነበረ፣ ጌጡ ሲያልቅ ምን ያህል ብር እንደገባበት ለመመዘን የሚያስቸግር ነገር አልነበረም።

አያቶቻችን ገንዘቡን ራሱን እንዴት ይመረምሩት እንደነበረም ሊታሰብ ይገባል። ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ የተፋቀውንና ፊቱ የጠፋውን አይቀበልም። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ጎላ ያለ ጽሑፍ ስላለበት፣ ጠርዙን ፍቆ ብር የሰረቀ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያደርጉ ከነበረ፣ ዛሬ በሞባይል ስልካችን የዓለምን የብር ዋጋ በየሰዓቱ የምናይ ሰዎች ያለ አንዳች መረጃ ጌጥ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሠሪዎቹ ክብር አንድ ነገር ማንሳት ይገባኛል። በሐረር፣ በአክሱም፣ በጎንደርና በወሎ ረቂቅ ሥራ የሠሩ አንጥረኞች በአብዛኛው ስማቸው አልተመዘገበም። የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል፤ አንጥረኛው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። በጎንደር ዙሪያ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ሥራቸው እዚህ በየቤቱ ቢቀርም የሠሪዎቹ ስም ግን አልቀረም። አሁን ስድቡ ቀንሷል፤ ስም አለመስጠቱ ግን ቀጥሏል። አንድ ቀሚስ የሠራ ዲዛይነር ስሙ በጋዜጣ ይወጣል፤ ከቀሚሱ ጋር የተደረገውን ድሪ የሠራው አንጥረኛ ግን አይጠቀስም።

ጽሑፋችሁ ስለ ኮክቴልም ስላነሳ፣ ጉዳዩን ከዚያ ጋር አገናኝቼ ባሳይ ደስ ይለኛል። ኔግሮኒ የሚባለው የጣሊያኖች መጠጥ ጂን፣ ካምፓሪና ጣፋጭ ቨርሙዝ እኩል እኩል ተቀላቅለው በበረዶና በብርቱካን የሚቀርብ ነው። አንድ የሆቴል ባር ካምፓሪ ሳያስገባ ኔግሮኒ ብሎ ቢያቀርብ፣ መጠጡን የሚያውቅ ደንበኛ ይመልሰዋል፤ አስተናጋጁም ይቅርታ ይጠይቃል። መጠጡ ባለበት ሀገር ሁሉ የሚከበረው መጠኑና ይዘቱ የታወቀ በመሆኑ ነው። የእኛ ጠጅ ከማርና ከጌሾ የሚጠመቅ፣ በብርሌ ሲቀርብ ከየትኛውም የግብዣ መጠጥ የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ በስኳር የተጣለውም ቀለም የተጨመረበትም በዚያው ስም ይሸጣል፤ ጠጪውም «ጠጅ ራስ ያሳምማል» ብሎ ይደመድማል። በብር ጌጥ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ለውጭው መጠጥ የምናሳየውን ጥብቅነት ለራሳችን ጠጅና ለራሳችን ጌጥ ብናሳይ፣ ግብዣችን ያማረ ብቻ ሳይሆን የታመነም ይሆን ነበር።

ገዢው ራሱ ምን ማድረግ ይችላል? በተለምዶ ማግኔት ማስጠጋት ይመከራል፤ ይህ ግን አያስተማምንም። ብረትን ይለያል እንጂ ነሐስም፣ መዳብም፣ የጀርመን ብር የሚባለውም እንደ ብር ሁሉ በማግኔት አይሳቡም። ከዚያ የሚሻለው ሚዛን ነው። ብር ከእነዚህ ሁሉ የሚከብድ ስለሆነ፣ በውኃ ውስጥና ከውኃ ውጭ መዝኖ ማነጻጸር ብዙ ይናገራል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ ካልሆነ በቀር። አንጥረኞች ደግሞ ጌጡን በጥቁር የመፈተኛ ድንጋይ ላይ አስምረው በአሲድ ያዩታል። የእጅ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ጌጡን መገልበጥ ይጠቅማል። በእጅ የተሠራ የሽቦ ሥራ ከጀርባውም ግምዱ ይታያል፤ በሽቦዎቹ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ፍጹም አንድ አይሆንም። ከቅርጽ ማውጫ የወጣው ግን የግምዱ መስመር ጥልቀት የለውም፤ ጠርዙ የተሟሟ ይመስላል፤ አጠገቡ ያለው ሌላው ጌጥም ከነእንከኑ ያንኑ ይመስላል።

ኒኬልን በተመለከተ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ኒኬል የብዙ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል፤ ያቆስላልም፤ በተለይ በተበሳ ጆሮ ላይ። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ጋር በሚነካካ ጌጥ ላይ ገደብ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሕፃን ልጇ ሎቲ የምትገዛ እናት የምትገዛው ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላት።

የሚሳሳት ሰው እንዳይኖር ይህንም ልጨምር። የማፍሰስ ሥራን አልንቅም፤ በሰም ቅርጽ አውጥቶ ማፍሰስ ራሱ የቆየ ጥበባችን ነው፤ በቤተ ክርስቲያናት የምናያቸው ታላላቅ የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ልባጥ ጌጥም ቢሆን አቅሟ ለማይፈቅድላት ሙሽራ ሠርጓን ያሳምርላታል፤ ይህን ነውር የሚል አስተሳሰብ የለኝም። ቅሬታዬ ልባጡ ልባጥ፣ የፈሰሰው የፈሰሰ፣ የጀርመን ብሩም ያው የጀርመን ብር ተብለው በየዋጋቸው ስላልተሸጡ ነው።

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ በእጅጉ ይጎዳሉ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያሉ ሙሽሮች የሠርግ ጌጣቸውን በፎቶግራፍ መርጠው በዘመድ እጅ ያስመጣሉ። ፎቶግራፍ ደግሞ ክብደትም፣ ጀርባም፣ ጥራትም አያሳይም። ጌጡ ከደረሰ በኋላ ብር አለመሆኑ ቢታወቅ መመለሻ የለውም፤ ላኪውም በአብዛኛው አክስት ወይም የአጎት ልጅ ስለሆነ ነገሩ ወደ ቤተሰብ ቅሬታ ይዞራል። እነዚህ ሰዎች ለእውነተኛ የእጅ ሥራ ተገቢውን ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው። ለአንጥረኞቻችን ከሁሉ የተሻለው ገበያ ሊሆን የሚችለውን በር እየዘጋን ያለነው እኛው ነን፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንደሚባለው፣ አንዴ የተታለለ ገዢ ሁለተኛ አያዝም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር የብር ጥራት በሕግ የተወሰነው በ1300 ሲሆን፣ በ1363 ደግሞ እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱን ምልክት በሥራው ላይ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥራቱን የሚያታልል ሰው በምልክቱ ይያዛል፤ ጎበዝ አንጥረኛም በምልክቱ ይፈለጋል። ከሺህ 925 እጅ ብር ያለበትን ጌጥ የሚያመለክተው ቁጥር ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀ ነው። በእኛም ሀገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለወርቅ ካራቱን ጠይቀን ደረሰኝ ላይ የምናጽፍ ሰዎች፣ ለብርም የጥራት ቁጥሩን፣ ክብደቱንና የአሠራሩን ዓይነት ብናጽፍ ሕጉ በእጃችን ነው። የሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አንጥረኛው ጌጡን በመጠነኛ ክፍያ የሚያስመረምርበት ቦታ ቢያዘጋጁና የየራሱን ምልክት ቢመዘግቡለት፣ የአንድ ጎበዝ አንጥረኛ ስም ከደንበኞቹ አልፎ ይታወቃል።

በመደብሬ ይህን በራሳችን ጀምረናል። እያንዳንዱ አንጥረኛ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተሠራ ትንሽ የብረት ማኅተም አለው፤ ሥራውን ሲጨርስ በጌጡ ጀርባ ይመታዋል። ከጌጡ ጋር በሚሰጠው ወረቀት ላይም ስሙ፣ የብሩ ጥራት፣ ክብደቱና በሽቦ ሥራ ወይም በማፍሰስ መሠራቱ ይጻፋል። ማኅተሙ ወጪው ትንሽ ነው፤ በሥራው ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ቀላል አይደለም። ቀድሞ ጀርባውን ችላ ይል የነበረ ወጣት አንጥረኛ፣ ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ወዲህ ጀርባውንም እንደ ፊቱ እያጠራ ያመጣልኛል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የአኗኗር ዓምዳችሁ የጌጥ ፎቶግራፍ ባወጣ ቁጥር፣ ከለባሿና ከፎቶግራፍ አንሺው ስም ጋር የአንጥረኛውን ስም፣ የጌጡን ብረትና የአሠራሩን ዓይነት እንዲጽፍ እለምናለሁ። ከዚህም ሌላ የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት፣ ሙሽሮችና ቤተሰቦቻቸው ጌጥ ፍለጋ በሚወጡበት በታኅሣሥ ወር፣ ስለ ብር ጥራትና ስለ አመራረጡ ባለሙያ አንጥረኞችን አነጋግራችሁ አንድ ሰፊ ዘገባ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሥራ የሚመጣ ጋዜጠኛ ቢኖር፣ አብረውኝ የሚሠሩት አንጥረኞች ከማቅለጡ እስከ ብየዳው ያለውን በሙሉ ለማሳየት ፈቃዳቸውን ገልጸውልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ መደብር ባለቤት
አዲስ አበባ